ሶላሩን ከመግዛትዎ በፊት ሮቶዎን ይዩ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ቧንቧና የቤት ውሃ

ባለፈው እትም ስለ ሻወር ቦይለርና ስለ ኤርዝ ጽፌ ስጨርስ፣ ቦታ ስለተረፈኝ ብቻ «ስለ ሶላር ማሞቂያም መጠየቅ ትችላላችሁ» የምትል መስመር ጣል አድርጌ ነበር። ዝግጅት ክፍሉ አሁን ካርቶን ሙሉ ደብዳቤ ሰጠኝና «ጋሼ፣ የራስህ ጥፋት ነው» አለኝ። አብዛኞቹ የሚጠይቁት ስለ ፀሐይ ነው፤ የአዲስ አበባ ፀሐይ ይበቃል ወይ፣ ክረምት ላይስ፣ ደመና ሲሆንስ? እኔ ደግሞ ሠላሳ አንድ ዓመት ጣሪያ ስወጣ የሶላር ችግር ብለው ጠርተውኝ ፀሐይን ጥፋተኛ ያደረግኩበት ቀን ትዝ አይለኝም። ጥፋተኛው ሁልጊዜ ውሃው ነው። የመጀመሪያዋን ደብዳቤ ሰፋ አድርጌ የምመልሰውም ለዚህ ነው፤ ሌሎቻችሁ ባጭሩ ብታልፉ አትቀየሙኝ።

«ጋሼ፣ ቤታችን አራት ኪሎ ነው፤ አባታችን ትቶልን የሄደው አሮጌ ባለ አንድ ፎቅ። እናቴ 84 ዓመታቸው ነው። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ጠዋት ሙቅ ውሃ ካላገኙ ከአልጋ መውረድ ይቸግራቸዋል። ኅዳር ላይ ባለ 20 ብርጭቆ (ረጃጅሞቹን የመስታወት ቱቦዎች ማለቴ ነው)፣ 200 ሊትር የሚይዝ ሶላር አስገጠምን። እስከ ጥምቀት ደስታ ነበር፤ እናቴ ገጣሚውን ልጅ ስሙን እየጠሩ ይመርቁት ነበር። ከጥምቀት በኋላ ለመንገድ ሥራ ሲቆፈር የሰፈሩ ቧንቧ ተቆረጠና ዘጠኝ ቀን ውሃ ጠፋ። በአሥረኛው ቀን፣ ቀትር ላይ መጣ። እሰይ ብለን ሳንጨርስ ጣሪያው ላይ «ጧ!» አለ፤ ቀጥሎ ደግሞ «ጧ!»። አራት ብርጭቆ ተሰነጠቀ፤ ውሃው በቆርቆሮው ወርዶ በረንዳውን አጥለቀለቀው። ገጣሚውን ብንጠራው «በረዶ መትቶት ነው፤ ዋስትናው በረዶን አይጨምርም» ብሎ ሄደ። በጥር በረዶ! እኔ አላየሁ፣ ጎረቤት አላየ። ሳይረሳኝ፣ ውሃው ከመምጣቱ ሁለት ሦስት ቀን ቀደም ብሎ የጎረቤት ልጅ «እትዬ፣ ጣሪያችሁ ላይ ድስት ጥዳችኋል እንዴ? ይጨሳል» ብሎኝ ስቄበት ነበር። ዕቃው መናኛ ነው ወይስ ሶላር ለእኛ አገር አይሆንም?» (ወ/ሮ መ.፣ አራት ኪሎ)

እህቴ፣ ነገሩን የፈታልኝ ያ የጎረቤት ልጅ ነው። «ሳይረሳኝ» ብለው መጨረሻ ላይ ያስገቧት ነገር ባትኖር እኔም ከገጣሚው ጋር ስለ በረዶ ስከራከር እውል ነበር። ጣሪያዎ ላይ እውነትም ድስት ተጥዶ ነበር። ያውም ሃያ ድስት።

የእርስዎ ዓይነት ሶላር ብርጭቆው እንደ ፔርሙዝ ነው፤ ሁለት መስታወት አንዱ በሌላው ውስጥ ገብቶ፣ መሀላቸው ያለው አየር ተመጥጦ የወጣ። የውስጠኛው መስታወት ጥቁር ቅብ ፀሐይዋን ይውጣታል፤ መሀሉ ባዶ ስለሆነ ሙቀቱ ተመልሶ የሚወጣበት መንገድ የለውም። ውሃው ያለው እዚያው ብርጭቆው ውስጥ ነው። ሲሞቅ ይቀልና ወደ ላይኛው ታንከር ይወጣል፤ ቀዝቃዛው በሥሩ ሾልኮ ይተካዋል። ፓምፕ የለው፣ መብራት አይፈልግ፤ ቀኑን ሙሉ ሲወጣና ሲወርድ ይውላል።

አሁን ውሃው የጠፋበትን ሰሞን ያስቡት። መጀመሪያ ሮቶው አለቀ። ቀጥሎ ሰዉ ሙቅ ውሃውን እየቀዳ የሶላሩን ታንከር ጨረሰው። መፍረዴ አይደለም፤ ዘጠኝ ቀን ውሃ ያጣ ሰው ያገኘውን ይቀዳል። ታንከሩ ቢያልቅም ብርጭቆዎቹ ከሱ በታች የተንጠለጠሉ ስለሆኑ ውሃቸው ውስጣቸው ይቀራል፤ እያንዳንዱ ወደ ሦስት ሊትር ይይዛል። ይህ ውሃ መሄጃ የለውም፤ ፀሐይዋ ደግሞ የጥር ፀሐይ ናት። ከተማችን ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ እኛ ዘንድ 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ 92 አካባቢ ላይ ይፈላል። ፈላ። እንፋሎቱ በታንከሩ መተንፈሻ ወጣ፤ ልጁ ያየው «ጭስ» እሱ ነው። እንዲህ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየተነነ በሳምንቱ የብርጭቆዎቹ የላይኛው ክፍል ደረቀ። ደረቅ ብርጭቆ ቀትር ላይ ከ200 ዲግሪ ያልፋል። በዚያ ላይ የ17 ዲግሪ የቧንቧ ውሃ ከተፍ አለበት። በጋለ የሸክላ ምጣድ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ሲደፋ ምጣዱ ምን እንደሚሆን ለእርስዎ አልነግርዎትም።

ስለዚህ ዕቃውም መናኛ አይደለም፣ በረዶም አልመታዎትም። ገጣሚው ግን ከጥፋት ነፃ አይደለም። ሲገጥም «ውሃ ከጠፋ እንዲህ አድርጉ» ብሎ አልነገራችሁም፤ ሲሰበር ደግሞ ሰማይን ከሰሰ። ይህችን ዘዴ አውቃታለሁ፤ እኔም አንድ ጊዜ አፌ ድረስ መጥታ ነበር።

የመጀመሪያውን ሶላር የገጠምኩት ለባለቤቴ ወንድም ነው፣ ሠራተኛ ሰፈር። ያኔ ዶሮ ማነቂያ ትንሽ ሱቅ ነበረችኝ፤ ቦይለር እጠግናለሁ እንጂ ሶላር በእጄ ነክቼ አላውቅም። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ብረቱን አቆምኩ፣ ታንከሩን ሰቀልኩ፣ ብርጭቆዎቹን አንድ በአንድ ሰካሁ፤ ቆንጆ ሆነ። እህቱ ቡና አፍልታ «ውረድ፣ አቦሉ ቀዘቀዘ» አለችኝ። ወረድኩ። አቦል ተጠጣ፣ ቶና ተጠጣ፣ ወሬው ደርቶ በረካም ተጠጣ። ፀሐይዋ ግን ቡና አትጠጣም። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ወጥቼ፣ አማቼ ከታች እያዩኝ፣ በኩራት ውሃውን ከፈትኩት። ስድስት ብርጭቆ ተከታትሎ ሄደ። ድምፁ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። አማቼ ምንም አላሉም፤ ቀና ብለው አይተው «አይ ልጄ፣ እሳት ውስጥ የቆየ ነገር ላይ ውሃ ይጨመራል?» ብለው ወደ ቤት ገቡ። እንጀራ ጋግረው የሚያውቁ ሴት ያወቁትን እኔ ቧንቧ ሠራተኛው አላወቅኩም። ስድስቱን ከኪሴ ገዛሁ።

ከዚያ ወዲህ ሕጌ አንድ ነው፤ ባዶ ሶላር ውሃ የሚሞላው ፀሐይ ሳትወጣ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት በፊት፣ ካልሆነም ማታ ከመሸ በኋላ ነው። ቀን ላይ በፍጹም።

አሁን እርስዎ ማድረግ ያለብዎት ይህ ነው። ወደ ሶላሩ የሚሄደው የቀዝቃዛ ውሃ መስመር ላይ፣ ቆሞ እጅ የሚደርስበት ቦታ፣ መዝጊያ ቫልቭ ያስገጥሙ። ጣሪያ ላይ ያለ ቫልቭ የለም ማለት ነው፤ ለእሱ ብሎ ጣሪያ የሚወጣ የለም። ሁለተኛ ቫልቭ በሙቁ መስመር ላይ ያስገጥሙ። ሮቶው ሊያልቅ ሲል ሁለቱንም ይዝጉ። ሙቁ ከተዘጋ ታንከሩ ውስጥ 200 ሊትር ውሃ ይቀራል፤ እሱ እያለ ብርጭቆዎቹ ቶሎ አይደርቁም። ውሃው ከሁለት ሦስት ቀን በላይ ከጠፋ ደግሞ ልጅ ይውጣና ብርጭቆዎቹን በሸራ ወይም በጆንያ ይሸፍናቸው፤ ፀሐይዋ ካላየቻቸው አይግሉም። ውሃ መጣ ብሎ ሰፈሩ ሲጮህ ሮቶውን ይሙሉ፣ ባልዲውን ይሙሉ፤ የሶላሩን ቫልቭ ግን እስከ ማግስቱ ንጋት እንዳይነኩት።

ሮቶው ላይ አንድ ዘዴ ልጨምርልዎት። ብዙ ሠራተኛ የቤቱንም የሶላሩንም መስመር ከሮቶው ግርጌ ከአንድ ቀዳዳ ያወጣቸዋል። እኔ እለያቸዋለሁ። የሶላሩን ከግርጌ፣ የቤቱን ከዚያ በሁለት ስንዝር ከፍ አድርጌ አወጣለሁ። ወጥ ቤቱ «ውሃ አለቀ» ብሎ ሲጮህ ሮቶው ውስጥ ለሶላሩ ብቻ የሚሆን ውሃ ተርፎ ይቆያል። የጠፋው ውሃ ሁለት ቀን ብቻ ከሆነ፣ ፈረቃ እንደሚያደርገው፣ እሱ ይበቃል። ለማንኛውም እንዳይሳሳቱ፣ ሶላሩን በቀጥታ ከመንገዱ መስመር ጋር እንዳያገናኙት። የእርስዎ ዓይነቱ ታንከር ግፊት አይችልም፤ ሌሊት የመስመሩ ግፊት ሲጨምር ያብጣል።

የተረፉትን አሥራ ስድስት ብርጭቆዎች ደግሞ ይመርምሩ። የብርጭቆው የታችኛው ጫፍ እንደ መስታወት የሚያብረቀርቅ ብርማ ቀለም አለው። ብርማው ነጭ፣ ወተት የመሰለ ከሆነ አየር ገብቶበታል፤ ፔርሙዝነቱ አብቅቷል። ሌላም መንገድ አለ፤ ፀሐይ ላይ እያለ ውጭውን በእጅዎ ይንኩት። ደህናው ውስጡ ሲፈላ ውጭው ቀዝቃዛ ነው፤ የሞተው ያቃጥላል። ብርጭቆ በነጠላ ይሸጣል፤ ሙሉ ዕቃ ግዙ የሚልዎትን አይስሙ። የተሰበረውን ስባሪ ይዘው ሄደው ውፍረቱንና ርዝመቱን ያመሳስሉ፤ ባለ 200 ሊትሮቹ አብዛኛውን ጊዜ 58 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ 1 ሜትር ከ80 ርዝመት ናቸው። ሲሰካ ጎማውን በሳሙና ውሃ አርሶ፣ እያሽከረከሩ በቀስታ መግፋት ነው። በንጋት።

ስለ እናትዎ አንድ ነገር ልበል፤ ይህ ከብርጭቆው ይበልጥብኛል። የሶላር ውሃ እንደ ቦይለር ልክ አያውቅም። ቦይለሩ የተባለበት ዲግሪ ሲደርስ ይጠፋል፤ ፀሐይዋን ግን የሚያጠፋት የለም። በታኅሣሥና በጥር ሁለት ቀን ሳይቀዳ የዋለ ታንከር 80 ዲግሪ ቢገኝበት አይገርምም። 60 ዲግሪ ውሃ የሽማግሌን ቆዳ በጥቂት ሴኮንድ ይልጣል። ሻወሩ ላይ ሁልጊዜ ቀዝቃዛውን አስቀድመው ከፍተው፣ ሙቁን በኋላ ይጨምሩ። ቢቻል ሙቁንና ቀዝቃዛውን ራሱ የሚያመጣጥን ቫልቭ አለ፤ ወደድ ይላል፣ ለ84 ዓመት እናት ግን አይወደድም። ምርቃታቸውም ለገጣሚው ብቻ አይሁን፣ ለጎረቤቱም ልጅ ይድረሰው።

«የሴቶች ፀጉር ቤት አለኝ፣ ስድስት ኪሎ። ቀን እስከ 25 ሰው አጥባለሁ። ቦይለሬ ከጠዋት እስከ ማታ ስለሚሠራ የመብራት ሒሳቡ ከቤት ኪራይ ጋር ሊወዳደር ነው። ሶላር ልግዛ ወይ? ስንት ሊትር? ክረምት ላይ ደንበኞቼ በቀዝቃዛ ሊታጠቡ ነው?» (ት.)

እንግዲህ የኔ ልጅ፣ ወረቀትና እስክሪብቶ አምጪ። አንድ ራስ ለማጠብ አሥር ሊትር ለብ ያለ ውሃ ይበቃል፤ ሻምፖ ሁለት ጊዜ የምታደርጊ ከሆነም ያው ነው። 25 ሰው 250 ሊትር ማለት ነው። ግን ይህ ሁሉ 40 ዲግሪ እንጂ የሚፈላ አይደለም። ሶላሩ ውሃውን 60 ዲግሪ ካደረሰልሽ፣ ከ17 ዲግሪው የቧንቧ ውሃ ጋር ስትቀላቅዪው የምትፈልጊው ሙቅ ውሃ 135 ሊትር ብቻ ነው። ባለ 200 ሊትሩ ይበቃሻል፤ ባለ 300 ሊሸጥልሽ የሚመጣውን «ሒሳብ እችላለሁ» በይው።

ይህን 135 ሊትር ቦይለሩ ሲያሞቀው በቀን ሰባት ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይበላል። ታሪፉ ደግሞ ከመስከረም 2017 ወዲህ በየሦስት ወሩ ደረጃ በደረጃ ሲጨምር አይተሻል፤ ብዙ የሚጠቀምም በእያንዳንዱ ኪሎዋት ሰዓት የሚከፍለው ይበልጣል። ያለፉትን ሦስት ወር ደረሰኝ አውጪና የዕቃውን ዋጋ በስንት ወር እንደሚመልስልሽ ራስሽ ቁጠሪ። እኔ ቁጥር ብሰጥሽ መጽሔቱ ታትሞ እስኪደርስሽ ዋጋው ይለወጣል።

ክረምቱን ግን አልዋሽሽም። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ደመናው ከእንጦጦ ወርዶ ሳምንት ይተኛል፤ ታንከሩ ውስጥ የምታገኚው ለብ ያለ ነው። ለዚህ ታንከሩ ውስጥ የሚገባ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ አለ፤ አንድ ተኩል ኪሎዋት ይበቃል። 17 ዲግሪ የነበረውን ደመናማው ፀሐይ 30 ካደረሰልሽ፣ ቀሪውን ብቻ ነው በመብራት የምትጨርሺው። ጥፋቱ ምን ላይ ነው? ሰው ጠዋት ሱቅ ሲከፍት ማሞቂያውንም አብሮ ያበራል። ታንከሩ በመብራት ከሞቀ ፀሐይዋ ወጥታ ምን ትሥራ? ተዪያት፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትሞክር። የጎደለውን ከዚያ በኋላ አብሪ፤ ማታ የሞቀው እስከ ጠዋት አይቀዘቅዝም፣ ታንከሩ ፔርሙዝ ባይሆንም ወፍራም ስፖንጅ ለብሷል።

የበዓል ዋዜማም አለ፤ አንቺ ከኔ ታውቂዋለሽ። የፋሲካ ዋዜማ ሰው ቢሰለፍም ፀሐይዋ ከጎንሽ ናት። የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ግን ጳጉሜን ነው፤ ሰማዩ ገና አልጠራም፣ አርባ ሰውም በር ላይ ቆሟል። የዚያን ዕለት ቦይለርሽ ስለሚያስፈልግሽ ሶላር ገዛሁ ብለሽ እንዳትሸጪው።

ሲገጠም ደግሞ ቁሚና እዪ። ብርጭቆው ጀርባውን ለእንጦጦ ሰጥቶ ፊቱን ወደ ዝቋላ ማዞር አለበት፤ ወደ ደቡብ ማለቴ ነው። ፀሐይ ክረምት ላይ በሰሜን በኩል ታልፋለች፤ ያኔ ግን ደመና ስለሆነ አንጣላትም። በብርዱ ወራት፣ ከጥቅምት እስከ የካቲት፣ በደቡብ በኩል ነው የምትሄደው፤ እኛ የምንፈልጋት ያኔ ነው። ዕቃው ከፋብሪካ የሚመጣበት ብረት ብዙ ጊዜ ቀጥ ብሎ የቆመ ነው፤ ፀሐይ ከአድማስ ብዙ ለማትርቅበት አገር የተሠራ። እኛ ዘንድ ፀሐይ አናት ላይ ናት፤ 20 ዲግሪ ገደማ ጋደም ቢል ይሻላል። በያጁ እግሩን ያሳጥረው፣ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ታንከሩ ግን ምንጊዜም ከብርጭቆው በላይ ይሁን፤ አለበለዚያ ውሃው አይዞርም።

«ልደታ ኮንዶሚኒየም ሁለተኛ ፎቅ ነኝ። ጣሪያው ላይ የራሴን ሶላር ልስቀል ብል ጎረቤቶቼ ተቃወሙ። መብቴ አይደለም ወይ?» (ስሜ ይቆይ)

ጣሪያው የጋራ ነው ወንድሜ፤ ያለ ማኅበሩ ስምምነት አይሆንም። እኔ ጎረቤትህ ብሆንም እቃወም ነበር። 200 ሊትር ውሃ 200 ኪሎ ነው፣ ብረቱና ብርጭቆው ሳይጨመር፤ ለቆርቆሮ ተብሎ በተመታ እንጨት ላይ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ሁሉም እየመጣ በየፊናው ቢሰቅል ከአራተኛው ፎቅ ያሉት ሰዎች የሚያድሩት በኩሬ ሥር ነው።

ተስማምተው ቢፈቅዱልህም ሌላ ነገር አስብ። ከጣሪያ እስከ ሁለተኛ ፎቅ ሻወርህ ሃያ ሜትር ቧንቧ አለ። ያ ቧንቧ ውስጥ የቆመው ሦስት ሊትር ውሃ ቀዝቃዛ ነው፤ ሙቁ እስኪደርስ በየጠዋቱ ይፈሳል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ ያሳዝናል። ባልዲ ከሻወሩ ሥር አስቀምጥና ለሽንት ቤት አድርገው። የሙቁን ቧንቧ ስፖንጅ ማልበስ አትርሳ፤ ቧንቧውም ለሙቅ የተሠራ ይሁን። ለቀዝቃዛ የተሠራ ፕላስቲክ በጥር ሙቀት ተልፈስፍሶ እንደ ፓስታ ሲንጠለጠል አይቻለሁ።

«ህዳሴ ግድብ ተመርቋል፣ መብራት ሞልቷል። አሁን በጣሪያ ላይ ብርጭቆ መደርደር ኋላ ቀርነት አይሆንም?» (አቶ ገ.፣ ጊዮርጊስ አካባቢ)

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ሲመረቅ እኔም እንደ እርስዎ እንባዬ መጥቷል። 5,150 ሜጋዋት ቀልድ አይደለም። ግን የእርስዎ ቤት መብራት ከጉባ ተነሥቶ በቀጥታ አይመጣም፤ በሰፈሩ ትራንስፎርመርና በአሮጌው ገመድ በኩል ነው የሚደርስዎት። ማታ አንድ ሰዓት ላይ ጎረቤት ሁሉ ምጣድና ቦይለር ሲያበራ የሚጠፋው እዚያ ጋ ነው። ውሃውን ፀሐይ ካሞቀችልዎት ያ ገመድ ትንሽ ይተነፍሳል። ኋላ ቀርነት ያሉትን ግን አልቀበልም። ይህች ከተማ የተቆረቆረችው እኮ በነፃ ሙቅ ውሃ ምክንያት ነው፤ በ1879 እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ብርድ ወርደው ፍል ውሃ አጠገብ ቤት ያሠሩት መሬቱ ራሱ አሙቆ ስለሚሰጥ ነው። እኛ ከላይ እንቀበል ብንል ምን ነውር አለው?

«የሶላር ውሃ ይጠጣል ወይ? ለሕፃን ወተት መበጥበጫ ባደርገውስ?» (እናት፣ ፒያሳ)

አይሆንም። ታንከር ውስጥ የቆየ ውሃ ነው፤ ለብ እንዳለ ቀናት የሚተኛ ውሃ ደግሞ ተሕዋስያን ያፈራል። ለመታጠቢያ ቢሆንም በክረምት በሳምንት አንዴ በኤሌክትሪክ ማሞቂያው 60 ዲግሪ አድርሱት። ለሕፃኑ ቀዝቃዛውን የቧንቧ ውሃ ቅጂና በማንቆርቆሪያ አፍይ፤ ለልብሱና ለገላው ግን የሶላሩን እንደ ልብሽ።

«ጋሼ፣ ተማሪ ነኝ። ስድስት ኪሎ፣ ሰው ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ነው የምኖረው። ሶላር የምትሉት የኔ የዓመት ኪራይ ነው። በ20 ሊትር ጀሪካን የሚሆን ነገር የለም?» (ብ.)

አለ እንጂ። እኔ ልጅ እያለሁ እናቴ ጠዋት ሳፋውን ሞልታ ግቢው መሀል ታስቀምጠው ነበር፤ ዶሮ እንዳይገባበት እኔ ዘብ እቆማለሁ። ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በክርኗ ነክታ «ደረሰ» ትላለች፤ ሦስት ልጅ በእሱ ይታጠባል። እሷ የማታውቀው አንድ ነገር ቢኖር ክዳን ነው። ሳፋው አፉ ክፍት ስለሆነ ፀሐይ የሰጠችውን ግማሹን ነፋስ ይወስደው ነበር።

አንተ ቢጫውን ጀሪካን ጥቁር ቀለም ቀባው፤ የሚያብለጨልጭ ሳይሆን ደብዛዛ ጥቁር ይሁን። ካርቶን ፈልግና ውስጡን በጆንያና በአሮጌ ጋዜጣ ደልድለው፤ ጀሪካኑን አስተኝተህ ክተተው። ከላይ የመስኮት መስታወት ስባሪ ካገኘህ ክደነው፤ ካላገኘህ ጥርት ያለ ፕላስቲክ ወጥረህ እሰርበት። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ የዛፍና የግንብ ጥላ የማያገኘው ቦታ ይሁን። በቀን ሁለት ጊዜ ወደ ፀሐይዋ አዙረው። በጥሩ ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቀዝቃዛ ጨምረህበት የምትታጠብበት ውሃ ይሆናል።

ጠዋት ልታጠብበት ካልክ ግን አይሆንም፤ ይህ ፔርሙዝ አይደለም፣ የአዲስ አበባ ሌሊት ሙቀቱን ጠጥቶት ያድራል። ከትምህርት ስትመለስ፣ ከመምሸቱ በፊት ታጠብ። አከራይህ «ጣሪያዬ ላይ ምን ሰቀልክ» ካሉህም መሬት ላይ፣ ግድግዳው ሥር ይበቃል፤ ቦታውን ግን ቀድመህ አስፈቅድ።

ክዳኑን ጠበቅ አድርገህ እንዳትዘጋው፤ ውሃውና አየሩ ሲሞቁ ያብጣሉ። በግማሽ ዙር ላላ አድርገው፣ አፉም ወደ ላይ ይሁን።